የ«ከባቲ ማዶ» መጨረሻ

ወረቀቱን ያየሁት ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ዳቦ ቤት በር ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት የሆኑ ሴት ልጆች ለፊልም ትወና ይፈለጋሉ ይላል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ከባቲ ማዶ» ተብሎ ተጽፎ፣ ጎኑ ላይ «እንደ አዲስ» የሚል በቀይ ተጨምሮበታል። በሩን ዘግቼ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ «እህቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ትወጫለሽ?» ባይለኝ ኖሮ ስንት ደቂቃ እንደምቆም አላውቅም። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጣ ደሴ እስኪያደርሰኝ ድረስ ለተሰማኝ ነገር ስም ላወጣለት አልቻልኩም። ደስታ ነው እንዳልል ያናድደኛል፤ ንዴት ነው እንዳልል ብቻዬን ፈገግ ያሰኘኛል።

በእኔ ዕድሜ ያለ የሰፈራችን፣ የደሴ ሰኞ ገበያ ልጅ «ከባቲ ማዶ»ን የማያውቅ የለም። ፊልሙን ያየነው ጋሽ እንድሪስ ቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ስል የዛሬ ልጅ ትልቅ አዳራሽ ሊመስለው ይችላል። ጋሽ እንድሪስ ከጨርቅ ሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል በቺፑድ ከፍለው፣ መስኮቷን በብርድ ልብስ ጋርደው፣ አራት አግዳሚ የደረደሩባት ጠባብ ቤት ነበረች። ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ሣጥኑ ሲከፈት ሁላችንም ጸጥ እንላለን። የደሴ ጭጋግ በልብሳችን ላይ ሆኖ አብሮን ይገባና ክፍሉ እርጥብ ሹራብ፣ የተቆላ ሽምብራና የጋለ የቪዲዮ ዴክ ይሸት ነበር። ውጭ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዕለቱን ፊልም በጠመኔ የሚጽፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ፊደላቸው የመምህር ፊደል ይመስል ነበር።

ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት መግባቷ በሰፈራችን ብዙም የሚወደድ ነገር አልነበረም። እናቴ ግን ጋሽ እንድሪስን ስለምታምናቸው፣ ከሰይድ ጋር ከሄድኩና መግሪብ ሳይሰገድ ከተመለስኩ ዝም ትለኝ ነበር። ሰይድ የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ልጅ ነው። ሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር። አንደኛው ቆርቆሮ ከታች ተገንጥሎ ስለነበር በዚያ በኩል ሾልከን እንገባ እንወጣለን። አብረን ነው የተማርነው፤ አብረን ነው ኩፍኝ የያዘን። ሹራባችን ራሱ ከአንድ ክር የተሠራ ነበር፤ እናቶቻችን አብረው ገዝተው ስለሠሩት።

ፊልሙ ላይ ማሪቱ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለች። አባቷ ሹፌር ነው። በቀይ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከኮምቦልቻ ጭኖ በባቲ በኩል ወደ በረሃው ይወርድና ሳይመለስ ይቀራል። ትልልቆቹ ይንሾካሾካሉ እንጂ ለእሷ የሚነግራት የለም። አንድ ጠዋት ደብተሮቿን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ውሃ ትከትበትና አባቷን ልትፈልግ ትነሣለች። ከመኪና መኪና እየተሳፈረች፣ ሹፌሮችን እየጠየቀች፣ የባቲን ገበያ አቋርጣ ትሄዳለች። የምናውቀው አገር በቴሌቪዥን ሲታይ ምን እንደሚያደርግ፣ ዛሬ በየስልኩ ራሱን እያየ ለሚያድግ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። የኮምቦልቻ መናኸሪያ በታየ ቁጥር ጭብጨባው ቺፑዱን ያንቀጠቅጠው ነበር።

መጨረሻ ላይ ማሪቱ በበረሃው ውስጥ ከሩቅ አንድ ቀይ ነገር ታያለች። መሮጥ ትጀምራለች። ልክ እዚያ ላይ ጋሽ እንድሪስ ተነሥተው ማሽኑን ያጠፉታል። ካሴቱ ከዚህ ወዲያ ተበልቷል ይሉናል። ያን ጊዜ ማሽን ካሴት ይበላ ስለነበር ማንም አልተገረመም። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው፣ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ የቀረውን በቃላቸው ይነግሩን ነበር። ቀዩ ነገር የአባቷ መኪና ነው። ተገልብጧል፤ ውስጡ ግን ሰው የለም። አንዲት የአፋር እናት የማሪቱን እጅ ይዘው ወደ ጎጆአቸው ይወስዷታል። አባቷ እግሩ ተሰብሮ ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ቀና ብሎ ያያትና፣ «ይህን ሁሉ አቧራ ከየት ለበስሽው?» ይላታል። ጋሽ እንድሪስ ይህችን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጓታል። አግዳሚው ሁሉ ያብዳል። ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳስደገምናቸው አላስታውስም፤ መጨረሻውን ለመስማት ብለን ነበር የምናስደግማቸው። በየመንገዱ ከባቲ ማዶ ስንጫወት ድንጋዩ መኪና፣ ሰይድ ደግሞ ሁልጊዜ አባትየው ነበር። ሌላ ልጅ እኔ ልሁን ቢል አይፈቅድም።

የሰይድ አባትም ሹፌር ነበሩ። ፊልሙ ሰፈራችን ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሰይድን በድንገት ቢስቲማ ወዳሉት አያቱ ወሰዱት። በዚያው ቀን መንገዳችን ላይ ድንኳን ተተከለ። እናቴ ማጀት አስገብታ፣ ሁለት ትከሻዬን ይዛ፣ የሰይድ አባት መንገድ ላይ እንደሞቱ ነገረችኝ። ይህን ለሰይድ ብተነፍስ ግን ከእሷ ጋር እንደምንጣላ ጨመረችበት። እትዬ ዘሃራ ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ሰይድም ትንሽ ጠና ይበል ተባለ። ሰይድ ከወር በኋላ ሲመለስ አባቱ ባሕር ማዶ ሥራ አግኝተው እንደሄዱ ተነገረው። አመነ። አባቴ ሲመጣ ብስክሌት ያመጣልኛል ይለኝ ነበር። እኔም ሁሉን እያወቅሁ፣ ስታገኝ ታስነዳኛለህ ወይ እያልኩ እለምነው ነበር። ምናልባት እኔም አምኜ ነበር።

እውነቱን የሰማው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። በኳስ ተጣልተው አንድ የክፍላችን ልጅ በሰው ፊት ነገረው። ያን ሳምንት ሰይድ ትምህርት ቤት አልመጣም። እኔም በተገነጠለው ቆርቆሮ አልሾለክሁም። በኋላ ሲመጣ ስለ ሒሳብ የቤት ሥራ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ታውቂ ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ አውቅ ነበር ብዬም አልነገርኩትም። እንዲሁ አደግን። እሱ እንደ አባቱ ሹፌር ሆነ፤ ቤቱን ኮምቦልቻ ሠርቶ፣ ከጅቡቲ የሚጭን ከባድ መኪና ይነዳል። እኔ እዚሁ ደሴ አስተምራለሁ።

የወረቀቱን ፎቶ መጀመሪያ የላክሁት ለእሱ ነበር። በድምፅ መለሰልኝ፤ አንድም አይደለም፣ ተከታታይ አራት መልእክት። የመጀመሪያው ሣቅ ነበር። የመጨረሻው ሥጋት። ፎቶውን ከዚያ ወደ ሰኞ ገበያ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አሻገረው። በአብዛኛው የኢድና የገና መልካም ምኞት፣ የለቅሶ ጥሪም የሚለጠፍበት ግሩፕ በአንድ ቀን ውስጥ ተተራመሰ። አንዳንዱ ልጆቻችን ጥርት ባለ ሥዕል ይዩት እንጂ ምን ችግር አለው አለ። ሌላው አሮጌውን አትንኩብን አለ። አዲስ አበባ ያለው ምናሉ፣ ማሪቱ ዛሬ ብትሆን ስልክ ትደውልና ፊልሙ በአምስት ደቂቃ ያልቃል ብሎ አሣቀን። አንዷ ደግሞ አሮጌውን ፊልም ዛሬ ብናየው ራሱ ልንሣቅበት እንችላለን፣ ስለዚህ አንየው፣ ባለበት ይቆይ አለች። እኔ ከሁሉም ጋር እስማማ ነበር። አንዱን ሳነብ ልክ ነው እላለሁ፤ ቀጥሎ ያለውን ሳነብም እንደዚያው። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ጠመኔውን ይዤ ያልኩትን የምረሳበት ጊዜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ የሰማውን ይዞ መጣ። በአዲሱ ፊልም አባትየው ይሞታል አለ። ሰይድ ያኔ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራ እየጠበቀ ነበር። ደወለልኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ፋጤ፣ አባቷን ሊገድሉት ነው» አለኝ። «ያ ፊልም ምን በደላቸው? አንቺ መጻፍ ትችያለሽ። ጻፊላቸውና ሂጂ። እኔ እስክመጣ አይቆይም።»

ጻፍኩ። ፊልሙ የእኛ የልጅነት ቤት ነው፣ ጣራውን ለማደስ ብላችሁ መሠረቱን አትናዱት የሚል ዓይነት ነገር ነበር። ጻፍኩትና አለቀስኩ ብል ውሸት አይሆንም። ብዙ የግሩፑ ሰው ስሙን አስገባበት፤ አሮጌውን አንየው ያለችው ሴት ሳትቀር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ልጆቹን የሚመርጡት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ደረጃው ላይ ፀጉራቸውን የተሠሩ፣ የኢድ ልብሳቸውን የለበሱ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ተሰልፈዋል። አንዷ ትንሽ ልጅ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ የምትለውን ታጠናለች። ተቃውሞ ይዤ በመካከላቸው ሳልፍ ሠርግ ቤት መርዶ ይዤ የምገባ መሰለኝ። ዳይሬክተሯ ቤዛ የምትባል፣ ከእኔ ትንሽ የምታንስ ሴት ናት። ደብዳቤውን ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀመጠችና እንደገና አነበበችው። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ አልነበረባትም፤ ግራ ገብቷት ነበር። እኛ መጨረሻውን አልነካነውም አለችኝ። በአሮጌውም ፊልም አባትየው ሞቷል አለችኝ።

ሣቅሁ። ተሳስተሻል፣ አባትየው ጎጆ ውስጥ ነው የተገኘው አልኳት። የአፋሯን እናት፣ ምንጣፉን፣ የተሰበረ እግሩን፣ አቧራውን ሁሉ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። ሙሉው ካሴት አዲስ አበባ ከአንድ የፊልሙ ሠራተኛ ቤት ተገኝቷል፤ ኮምፒውተር ላይ ገልብጠውታል። ማሪቱ ትሮጣለች። ቀዩ መኪና ተገልብጧል። አጠገቡ ሌሎች ሹፌሮች ቆመዋል። አንዱ ሹፌር ያያትና ፊቱን ያዞራል። ሌላው ግን ቀስ ብሎ መጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ የአባቷን ጃኬት ያለብሳታል። እጅጌው ይረዝምባታል። ከዚያ ሁሉም ዝም እንዳሉ ጥላው ሥር ይቀመጣሉ፤ እሷ በመካከላቸው። አንድም ቃል የለም። ነፋስ ብቻ ይሰማል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ያ መጨረሻ ከእኛ መጨረሻ ይበልጥ ነበር። ይህን ማወቄ ከሁሉ በላይ አሳመመኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ስንምልበት የኖርነው ፊልሙ ውስጥ የሌለ ነገር ነው፤ ያለው ደግሞ በሐዘን አንገት የሚያስደፋ፣ የተዋጣለት ነገር ነው። ቤዛ ያን መጨረሻ የነገራችሁን ሰውዬ ላገኛቸው እችላለሁ ወይ አለችኝ። አሁን አይሆንም አልኳት። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ እንጂ ከፍቶኝ አልነበረም። የመጨረሻውን ክፍል በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችኝ። ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ ትቼው ወጣሁ።

ጋሽ እንድሪስ ዛሬም እዚያው ቤታቸው ናቸው። ሱቁን ልጃቸው የስልክ ዕቃ ትሸጥበታለች። ቪዲዮ ቤቷ ዕቃ ማስቀመጫ ሆናለች። በማግስቱ ስሄድ ግቢው ውስጥ በዱላቸው ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እጃቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። ስለ ልጄ፣ ስለ እናቴ ጉልበት፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ፊልሙ ሊሠራ መሆኑን ሰምተው ነበር። የካሴቱን እውነተኛ መጨረሻ እንዳየሁ ስነግራቸው ዱላቸውን መሬት ላይ ማሽከርከር ጀመሩ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ።

ካሴቱ አልተበላም ነበር። ጋሽ እንድሪስ ማንኛውንም ፊልም ለእኛ ከማሳየታቸው በፊት ብቻቸውን ያዩት ነበር። «ከባቲ ማዶ»ንም እስከ መጨረሻው አይተውት ነበር። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ አግዳሚው ሞላ። ማሽኑን ካስነሡ በኋላ ነው ሰይድን ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያዩት። ውጣ ቢሉት ለምን ይላል። ቢተዉት ደግሞ መርዶውን ከቴሌቪዥን ሊሰማ ነው።

«አባቱ ወዳጄ ነበር» አሉኝ። «ያን ልጅ እያየሁ እጄ ዝም ብሎ ማሽኑን አጠፋው። ከዚያ ምን ልበላችሁ? አፌ ያመጣውን ተናገርኩ። ለዚያች ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እናንተ ግን ነገም ድገሙልን አላችሁ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ እሳቸው በሌሉበት የወንድማቸው ልጅ ፊልሙን እስከ መጨረሻው እንዳያሳይ ፈርተው፣ የቀረውን በምላጭ ቆርጠው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ሌላም ያላወቅሁትን ነገሩኝ። ሰይድ የአባቱን ሞት በሰማበት ሳምንት፣ ማንም በሌለበት ሰዓት ወደ ቪዲዮ ቤቱ መጥቶ ነበር። ፊልሙን አልጠየቀም። የማሪቱን መጨረሻ ይንገሩኝ ነበር ያላቸው። ነገሩት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሰምቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ጋሽ እንድሪስ ከዚያ ቀን በኋላ ያን መጨረሻ ለማንም ተናግረውት አያውቁም። እኔ ግን ስላደግን የተውት መስሎኝ ነበር።

የሚቀጥሉት ቀናት አስጨናቂ ነበሩ። ሰይድ እየተመለሰ ነበር። በየከተማው ሲደርስ ይጽፍልኛል፤ ምን አሉሽ ይላል። ስትመጣ እነግርሃለሁ እላለሁ። «ተስማሙ» ብል ምን ይሆናል ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። ወይም ደብዳቤውን ተቀብለዋል ብል። ይህኛውስ ውሸት አይደለም። ከዚያ ግን ከማጀት ጀምሮ የተሸከምኩት ዝምታ ትዝ ይለኝና ስልኩን አስቀምጠዋለሁ። ኮምቦልቻ ለመግባት ጥቂት ሲቀረው፣ ደጋን ከተማ ላይ ሆኖ ደወለ፤ ሻይ እየጠጣ ነበር። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ እንገናኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ እሺ አለ። ያ እሺታው ያስፈራ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ነበሩ የነገሩት። እኔ ልናገር ብላቸው፣ ያኔ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የማበራውም እኔ ነኝ አሉኝ። ሁሉንም እንደ ነገሩኝ አድርገው ነገሩት። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ መጨረሻውን ልየው አለ። በልጃቸው ኮምፒውተር ላይ ከፈትንለት። አንድ ጊዜ አየው። ጃኬቱን ሲያለብሷት እጁ የራሱን እጅጌ ያዘ። ሲያልቅ ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞሮ፣ አላህ ይስጥዎት፣ ለእኔ ብለው ነው አላቸው። ከልቡ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ? ያኔ ስለ አባቴ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ራሱን ነቀነቀ። ስለ ብስክሌቱ ያስታውስ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን እሱን ብቻ ነበር የማስበው። ሰላም ዋሉ ብሎ ወጣ። የመኪናው ሞተር ከአስፋልቱ በኩል ሲነሣ ሰማሁ። ጋሽ እንድሪስ አብሽሪ ልጄ አሉኝ፤ ለራሳቸውም የሚሉት ይመስል ነበር።

ሁለት ሳምንት አልደወለም። በግሩፑም ላይ ጠፋ። ግሩፑ ፊልሙን ረስቶ ወደ ሌላ ነገር ሄዷል፤ እኔ ነበርኩ መርሳት ያቃተኝ። ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጓደኝነት በአንድ ፊልም ምክንያት ተበላሸ እያልኩ፣ ወዲያው ደግሞ ፊልሙ ምን አደረገ፣ እኔ ነኝ እንጂ እላለሁ። ተማሪዎቼ ሲጣሉ እንኳ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማን ምን እንደደበቀ እያየሁ እጨነቅ ነበር። ቤዛ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ አላነሣሁላትም።

ሰይድ የመጣው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናውን ከሰፈራችን በላይ አቁሞ ነይ አለኝ። ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሞተሩ ጠፍቷል። መስታወቱ ላይ ጭጋግ ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ፣ እናቱን ስንት ጊዜ ሊጠይቃቸው ፈልጎ እንደሚያለቅሱበት ስለሚያውቅ እንደተወው ነገረኝ።

«የአባቴን ለቅሶ ሁላችሁም አይታችኋል፤ እኔ ብቻ አላየሁም። ንገሪኝ» አለኝ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ድንኳኑ አረንጓዴ እንደነበር፣ አንደኛው ካስማ የእኛን አጥር ተደግፎ እንደነበር ነገርኩት። ከኮምቦልቻ የወጡ ከባድ መኪኖች ከላይ ከመንገዱ ጀምሮ ተደርድረው እንደነበር፣ ሹፌሮቹ ጫማቸውን ድንኳኑ ደጃፍ ሲያወልቁ ጫማው ሁሉ በቆላ አቧራ ነጥቶ እንደነበር። አንድ ረጅም ሹፌር የአባቱን ፔርሙስና ሽርጥ በሁለት እጁ ይዞ ገብቶ ለማን እንደሚሰጠው ጠፍቶት ቆሞ እንደነበር። እናቱ ድምፅ አውጥተው እንዳላለቀሱ፤ ሴቶቹ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከበዋቸው ሆዳቸውን ይደግፉላቸው እንደነበር። ጋሽ እንድሪስ ሱቃቸውን ዘግተው ከቧንቧው ውሃ ሲያመላልሱ እንደዋሉ። ዱዓው ሲደረግ እኔ በአጥሩ ሥር ተንበርክኬ እንዳየሁ። እያንዳንዱን ሲሰማ ትንሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀጥይ ይለኛል።

«አያቴስ?» አለ። «እሳቸው የት ተቀምጠው ነበር?»

የአባቱን አባት ማለቱ ነበር፤ ቢስቲማ ይዘውት የሰነበቱትን።

«አያትህ አልነበሩም» አልኩት። «አንተ ጋ ነበሩ።»

አልገባውም መጀመሪያ። ሲገባው እጁን መሪው ላይ ጣለ። ያን ወር አያቱ ከጎኑ አልጠፉም ነበር። ማሣ ይወስዱታል፣ ወንጭፍ ሠርተውለታል፣ ጅረት ወርደው ገላውን ያጥቡታል። ማታ ማታ ሶላት ሲሰግዱ ግንባራቸው መሬት ላይ እንደሆነ ሱጁድ ላይ ይዘገያሉ፤ እሱ ደግሞ የተኙ መስሎት ጀርባቸው ላይ ይወጣ ነበር። ልጃቸውን ሳይቀብሩ፣ ለቅሶው ላይ ሳይቀመጡ፣ ሲስቁለት ነበር የከረሙት። ይህን ሁሉ እየቆራረጠ ነገረኝና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም አላባበልኩትም። ለቅሶው ስለነበር፣ ሰው ለቅሶ ላይ እንደሚያደርገው ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ይደውላል። ፊልሙ አሁን እየተሠራ ነው። አንድ ቀን ከባቲ ወዲህ መንገድ ዘግተው መኪናውን አስቁመውት፣ የተመረጠችውን ልጅ ከሩቅ አይቷታል። ጎበዝ ትመስላለች አለኝ። ለቤዛም ደውዬ ስለ ጋሽ እንድሪስ ነግሬአታለሁ፤ መጥታ አጠገባቸው ተቀምጣ ስትሰማቸው ዋለች። መጨረሻውን ልትቀይር አይደለም፤ እኔም እንድትቀይር አልጠየቅኋትም። ይሁን እንጂ በትልቅ ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ጥርት ያለ ሥዕል ሲመጣ፣ የእኛ ማሪቱ የት እንደምትገባ አላውቅም።

ልጄ አሁን ፊልም የሚያየው ብቻውን ነው፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ። አንዳንዴ መጀመሪያ መጨረሻውን ያየዋል፤ የሚያሳዝን ከሆነ ይተወዋል። የሚደብቅበት የለም፤ ፊቱን አይቶ ማሽኑን የሚያጠፋለትም የለም። በእኛ ጊዜ ስለ እኛ የሚወስኑት ትልልቆቹ ነበሩ። ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል፤ ያቺ የአሥራ ሁለት ዓመቷ የኳስ ሜዳ ቀን ሰይድን እስከ ዛሬ ታመዋለች። ቢሆንም ያች እርጥብ ሹራብ የምትሸት ክፍል ውስጥ ከሰላሳ ልጅ መካከል የአንዱን ልጅ ፊት የሚያይ ሰው ነበር። አሁን እኛ ነን ትልልቆቹ፤ ለልጆቻችን ምኑን እንንገር፣ ምኑን እናቆይ የምንለው እኛ ነን፤ ከእነሱ የተሻለ የምናውቅ አይመስለኝም።

ፊልሙ ሲወጣ ሰይድ ሊያየው ወስኗል። እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ ብሏል። አጠገቤ ሁኚ አለኝ፤ እሺ ብዬዋለሁ።